ገዳዩስ? ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ወዲያኛው ዓለምና ስለ ጦርነት የተደረገ ንግግር

(የተለያየ እምነት ያላቸው ወጣቶች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። የተደጋገመውን አሳጥሬዋለሁ፤ አነጋገሩን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ርዕስ «ሃይማኖቶች ሁሉ የሚያስተምሩት አንድ ነው» የሚል ነበር። አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ፤ ግን በዚህ ርዕስ አልናገርም ብያቸዋለሁ። አንድ አይደለማ! አንዱ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ብሎ ያማትባል። ሌላው አላህ አልወለደም፣ አልተወለደም እያለ በቀን አምስቴ ይሰግዳል። አንዱ ለሞተ ሰው ቅዳሴ ያስቀድሳል። ሌላው ሰውዬው ዓይኑን ከከደነ ወዲያ ምንም አታደርጉለትም ይላል። ይህን ሁሉ «ያው ነው» ብሎ ማለፍ መከባበር አይመስለኝም። ሳይሰሙ ማጨብጨብ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ልዩነቱ እናውራ። የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ሰው በጦርነት ሰው ሲገድል፣ ሃይማኖቱ ስለ ገዳዩ ምን ይላል? ስለ ሟቹ ብዙ ሰምተናል። ሰማዕት፣ ሸሂድ፣ ጀግና ይባላል። ገዳዩስ?

ከፈጣሪ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱ ሙስሊሞች አክሱም ገቡ። ታሪኩን የሙስሊሞቹ ሊቃውንት ናቸው የጻፉት። መካን የሚገዙት የቁረይሽ ጎሣ ሰዎች ስደተኞቹን የሚያስመልሱ ሁለት መልእክተኞች ላኩ፤ ለንጉሡም ምርጥ ቆዳ በስጦታ አስያዙ። ከመልእክተኞቹ አንዱ በኋላ ግብፅን የያዘው ዐምር ኢብኑል ዓስ ነው። በመጀመሪያው ቀን አልተሳካላቸውም። በማግስቱ ዐምር አንድ ብልሃት ይዞ ተመለሰ። «ንጉሥ ሆይ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ መርየም ልጅ ስለ ዒሳ የሚሉትን ጠይቃቸው» አለ። ክፋቱ ገብቷችኋል? በሰላም የተቀመጠን የክርስቲያን ንጉሥና ስደተኛ፣ በሚለያያቸው ነገር እንዲጋጩ ነው የፈለገው። ይህን ዘዴ ዛሬም በፌስቡክ እናየዋለን።

የስደተኞቹ አፈ ጉባኤ ጃዕፈር ነበር። አልሸሸም፣ አላለሳለሰም። «የአላህ ባሪያና መልእክተኛ ነው፤ መንፈሱና ወደ ድንግል መርየም የጣላት ቃሉ ነው» አለ። በክርስቲያን ችሎት ፊት «ባሪያ» ማለት ቀላል አይደለም። ንጉሡ ከመሬት አንድ እንጨት አነሣና፣ አንተ ባልከውና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ይህችን አያህልም አለ። ጳጳሳቱ አጉረመረሙ። የቁረይሾች ስጦታ ተመለሰ፤ ስደተኞቹ ቀሩ።

ንጉሡ፣ ሙስሊሞች ነጃሺ የሚሉት፣ ከዚያ ምን ሆነ? ሙስሊሞች ሰልሟል ይላሉ። ክርስቲያኖች ይህን አይቀበሉም። እኔ እዚህ ቆሜ አልፈርድም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ነጃሺ ሲሞት ነቢዩ ሙሐመድ መዲና ላይ ባልደረቦቻቸውን አሰልፈው፣ አስከሬኑ በሌለበት የጀናዛ ሶላት ሰግደውበታል። ሐዲሱ፣ ማለትም የነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ፣ ቡኻሪና ሙስሊም በተባሉት በሁለቱ ታላላቅ የሐዲስ መጻሕፍት አለ። ለሩቅ ሟች ሶላት ይሰገዳል ወይስ አይሰገድም በሚለው ሻፊዒና ሐነፊ የተባሉት የሁለቱ የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤቶች ሊቃውንት እስካሁን ይለያያሉ። የክርክሩ መነሻ የአንድ ሐበሻ ንጉሥ ነፍስ ነው። ደስ አይልም?

አሁን ተቃራኒውን እንይ። ዐፄ ሱስንዮስ የኢየሱሳውያንን፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያንን፣ ስብከት ሰምተው ካቶሊክ ሆኑ፤ ሕዝቡም ይሁን ብለው አዘዙ። ጠቡ ክርስቶስ አንድ ባሕርይ ነው ወይስ ሁለት በሚል ነው። ሁለቱም ወገን ክርስቶስን ያመልካል። ሁለቱም ሥላሴ ይላል። ሁለቱም ድንግል ማርያምን ያከብራል። እንጨቷ ከነጃሺ እንጨት በጣም ታንሳለች። ግን በ1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ገበሬ አለቀ። ንጉሡ ያሸነፉትን ሠራዊት ሬሳ አይተው ነው የተሰበሩት። ከዚያ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተባለ።

እንግዲህ ሰው የሚጋደለው እምነቱ በጣም ስለተራራቀ ነው የሚለውን ሐሳብ ቢያንስ እንጠርጥረው።

ወደ ወዲያኛው ዓለም እንሻገር። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ምክንያቱም በየቤታችን ያለ ጉዳይ ነው።

ኦርቶዶክስ ቤት ሰው ሲሞት ፍትሐት ይደረጋል። ፍትሐት መፍታት ነው፤ ነፍሱ ከኃጢአት እስራት እንድትፈታ ካህናቱ ይጸልያሉ። ከዚያ ሣልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ ሠላሳ አለ። አርባው ሲደርስ ተዝካር ይወጣል። ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያለ ይቀጥላል። በኢኮኖሚው በኩል ስንት ቤት እንደተጎዳ አውቃለሁ፤ በሬ ሸጦ ተዝካር ያወጣ ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን ሐሳቡን እዩት። ሟቹና እኛ አልተቆራረጥንም። የእሱ መዝገብ ገና አልተዘጋም፤ እኛ እዚህ ሆነን ልንጨምርበት እንችላለን።

ሙስሊም ቤት አስከሬኑ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ቶሎ ይቀበራል። መቃብር ውስጥ ሙንከርና ነኪር ይጠይቁታል። ጌታህ ማነው? ሃይማኖትህ ምንድን ነው? ነቢይህ ማነው? ሕያው የሆነ ልጅ ዱዓ ሊያደርግለት፣ ሰደቃ ሊያወጣለት ይችላል። እዚህም ግን ቤተሰብ ይጨቃጨቃል። ወሎ ላይ ለሟች በሰባቱና በአርባው ቀን ሰደቃ ማውጣት ከአያት የወረደ ልማድ ነው። ዛሬ ከመድረሳ የተመለሰው ልጅ «ይሄ ቢድዓ ነው»፣ በሃይማኖቱ የሌለ አዲስ ፈጠራ ነው ይላል። እናት ያኮርፋሉ።

ጴንጤ ቤት ደግሞ ጸሎቱ ለቀሪው ቤተሰብ ነው እንጂ ለሟቹ አይደለም። ዕብራውያን 9፥27 ይጠቀሳል፤ ለሰው አንድ ጊዜ መሞት ተመድቦበታል፣ ከዚያ ፍርድ ነው። አለቀ። አንዷ ልጅ ጴንጤ፣ አባትየው ኦርቶዶክስ የሆኑበት ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ድንኳኑ አንድ ነው፤ የእድሩ ወንበር፣ ንፍሮው፣ ሁሉም አንድ ነው። ግን የአርባው ጉዳይ ሲነሣ እህትማማቾቹ አይተያዩም። አንዷ «አባዬን አትርሱት» ትላለች። ሌላዋ «አባዬ አሁን በጌታ እጅ ነው፤ የእኛ ቄጤማ ምን ያደርግለታል?» ትላለች። ሁለቱም አባታቸውን ስለሚወዱ ነው የሚጣሉት።

አንድ ሥዕል ላሳያችሁ። በብዙ የጎንደርና የጣና አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ አለ። በላኤ ሰብእ ይባላል። ታሪኩ ከተአምረ ማርያም ነው። ሰውዬው 78 ሰው በልቷል፤ ቤተሰቡንም አልማረም። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ውኃ የጠማው፣ ቁስሉ የሚሸት ለማኝ አገኘ። ለማኙ በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ አልሰጠውም። በቅዱሳኑ ስም ለመነው፤ እምቢ አለ። በማርያም ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሰውዬው ሞተ። ሥዕሉ ላይ ሚዛን አለ። በአንዱ በኩል የተበሉት 78 ነፍሳት ተቀምጠዋል። በሌላው በኩል ጥርኝ ውኃ አለች፤ እመቤታችን ጥላዋን አሳርፋበታለች። ውኃዋ መዘነች። በየዓመቱ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ሲደርስ ይህ ታሪክ ይተረካል።

ጴንጤ ወዳጄ ይህን ሲሰማ ራሱን ይይዛል። ሙስሊም ወዳጄም ሚዛኑን ያውቀዋል፤ ሚዛን በቂያማ፣ በፍርድ ቀን፣ ይቆማል ብሎ ያምናል፤ ግን በማርያም ጥላ መዳን አይዋጥለትም። እኔን ራሴን ሁሌ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። የተበሉት 78 ሰዎች ምን ተሰማቸው? ሥዕሉ ላይ ጭንቅላታቸው ብቻ ተደርድሮ ያያሉ። ማንም አልጠየቃቸውም።

አሁን ጦርነት። ወዲያኛው ዓለም ከጦር ሜዳ ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። ቁርኣን በአላህ መንገድ የተገደሉትን ሙታን ናቸው ብላችሁ አታስቡ፣ ሕያዋን ናቸው ይላል። በጦር ሜዳ የወደቀ ሸሂድ አይታጠብም፤ ደሙ ባለበት፣ በለበሰው ልብስ ይቀበራል። ሻፊዒዎች አይሰገድበትም ይላሉ፤ ሐነፊዎች ይሰገድበታል ይላሉ። ይህንን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያወራው ሁለት ሐዲስ አለ። አንደኛው በሶሒሕ ሙስሊም ያለ ነው። በቂያማ ቀን መጀመሪያ ከሚፈረድባቸው አንዱ በጦርነት የሞተ ሰው ነው። ምን ሠራህ ሲባል፣ ለአንተ ስል ተዋግቼ ሸሂድ ሆንኩ ይላል። መልሱ «ዋሸህ። ጀግና ነው እንድትባል ነው የተዋጋኸው፤ ተብሏልም» የሚል ነው። በፊቱ ተጎትቶ ወደ እሳት ይጣላል። ሁለተኛው፣ ሁለት ሙስሊሞች ሰይፍ ይዘው ከተገናኙ ገዳዩም ሟቹም በእሳት ናቸው ይላል። የነቢዩ ባልደረቦች ገዳዩስ ይሁን፣ ሟቹ ምን አደረገ ብለው ጠየቁ። እሱም ጓደኛውን ለመግደል ጓጉቶ ነበር ተባሉ።

አያችሁ? ሸሂድነት የሚሰጠው ሃይማኖት ራሱ፣ ሸሂድ ነኝ ባዩን አስቁሞ ይፈትሸዋል።

በክርስትናም በኩል ባስልዮስ ዘቂሣርያ አለ፤ በቅዳሴው በእኛም ቤተ ክርስቲያን ይቀደሳል። በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረ ጳጳስ ነው። ከቀኖናዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ አባቶቻችን በጦርነት መግደልን እንደ ነፍሰ ገዳይነት አልቆጠሩትም፤ ነገር ግን እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ለሦስት ዓመት ከቁርባን ቢከለከሉ ይበጃል። ይህን ሳነብ ሁሌ እቆማለሁ። ወንጀለኛ አላላቸውም። ሀገር ጠብቀዋል፤ ያውቃል። ግን ና ቁረብ፣ ምንም አልሆንክም አላላቸውም።

ከፕሮቴስታንቶቹ ሉተር ወታደርነት በራሱ ኃጢአት አይደለም ብሏል፤ ግን ጌታው የሚያዘምተው በግፍ መሆኑን በእርግጥ ያወቀ ወታደር እንዳይታዘዝ መክሯል። በሉተር ዘመን የተነሡት ሌሎች ተሐድሶ ፈላጊዎች፣ አናባፕቲስቶች፣ ደግሞ ሰይፍ ጨርሶ ለክርስቲያን አይሆንም አሉ። የእነሱ ልጆች ሜኖናይቶች ናቸው፤ የእኛዋ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ወገን ናት። ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. ዘጋት፤ መሪዎቿ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። 5,000 ያህል የነበሩት አባሎቿ ደርግ ሲወድቅ ከ34,000 አልፈው ነበር፤ በየቤቱ፣ በድብቅ። ይህ ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚፈልግ ልለፈው።

ወደ 1928 ዓ.ም. ልምጣ። ጣሊያን መስከረም 22 መረብን ተሻገረ። ጥቅምት 17 ቀን በሚላኖ ካቴድራል ካርዲናል ኢልዴፎንሶ ሹስተር ሰበኩ። የጣሊያን ባንዲራ የክርስቶስን መስቀል በድል ወደ ኢትዮጵያ ይዞ እየገባ ነው፤ የባሪያዎችን ሰንሰለት ይሰብራል፤ ለወንጌል መንገድ ይጠርጋል አሉ። ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ክርስቲያን ለሆነ አገር! በታኅሣሥ ደግሞ ጣሊያናውያን የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲሰጡ ተጠሩ። ንግሥቲቱ ሰጠች። ጳጳሳት የአንገት መስቀላቸውን አውልቀው ሰጡ። ያ ወርቅ ቀልጦ ምን እንደገዛ እኛ እናውቃለን።

የባስልዮስን ሦስት ዓመት ከዚህ ስብከት ጋር አስተያዩት። ባስልዮስ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ወታደሩን «እጅህን አሳየኝ» ይላል። ሚላኖ ላይ ወታደሩ ገና ሳይተኩስ ተፈታ። እኔ አደገኛ የምለው እምነት ይህ ነው። ሥላሴ ማለቱ አይደለም፣ ተውሒድ፣ አላህ አንድ ነው፣ ማለቱ አይደለም። የገዳዩን ሒሳብ አስቀድሞ መዝጋቱ ነው።

ፋሺስቶቹ ደግሞ እምነትን እንደ መሣሪያ መጠቀም ያውቁ ነበር። ሊቢያ ውስጥ ሙስሊም አርበኞችን ሲወጉ ክርስቲያን የኤርትራ አስካሪዎችን፣ የጣሊያን ቅጥር የቅኝ ወታደሮችን፣ አሰለፉ። የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ፣ ሰኑሲያ የተባለውን የሙስሊሞች ማኅበር ሼኽ፣ ከ70 ዓመት በላይ የሆኑትን ዑመር አል ሙኽታርን፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 1931 በሕዝብ ፊት ሰቀላቸው። ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ ፈረስ ተቀምጦ «የእስልምና ሰይፍ» ተቀበለና የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ አለ። ያው ግራዚያኒ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበር።

ከየካቲት 12 በኋላ ዓይኑን ደብረ ሊባኖስ ላይ ጣለ። ደብረ ሊባኖስ ለኦርቶዶክሱ ተራ ገዳም አይደለም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በተቀበሉት ቃል ኪዳን ምክንያት፣ እዚያ መቀበር ራሱ ለነፍስ ይጠቅማል ተብሎ ይታመናል። ሰው ከሩቅ አገር የወላጁን አጽም ተሸክሞ ይመጣ ነበር። የግራዚያኒን ትእዛዝ የፈጸመው ጄኔራል ማሌቲ የመረጠው ቀን የግንቦት ተክለ ሃይማኖት በዓል ነው፤ ግንቦት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.። ክርስቲያን አስካሪ በገዳም ላይ ላይተኩስ ይችላል ብሎ ስለሰጋ ሙስሊም የቅኝ ወታደሮችን አሰለፈ። መነኮሳቱን በካሚዮን ጭኖ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ስፍራ ወሰዳቸው። ወንዙ ዳር አሰልፎ ረሸናቸው። ግራዚያኒ ወደ ሮም በቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ግብረ አበሮች ብሎ ጻፈ፤ ቆይቶ 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። በኋላ የተደረገ ጥናት የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሰዋል። ለሌላው ሰው ፍትሐት ሲያደርጉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ የደረሰ ካህን አልነበረም።

ተኳሾቹ ሙስሊም ስለነበሩ ነገሩን የሃይማኖት ጦርነት አድርጎ የሚተርክ ሰው አይጠፋም። እሱን ሰውዬ አቡበክርን አንብብ በሉት። የመጀመሪያው ኸሊፋ ሠራዊታቸውን ወደ ሻም፣ ወደ ሶርያ አካባቢ፣ ሲልኩ የሰጡት ትእዛዝ ሙወጠእ በተባለው በኢማም ማሊክ የሐዲስ መጽሐፍ ተጽፏል። ሴት አትግደሉ፣ ሕፃን አትግደሉ፣ ሽማግሌ አትግደሉ፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ አትቁረጡ ይላል። ራሳቸውን ለአምላክ የሰጡ ሰዎችን ታገኛላችሁ፤ ተዉአቸው፣ ከያዙት ነገር ጋር ተዉአቸው ይላል። መነኮሳትን ማለታቸው ነው። እነዚያ ወታደሮች ላጋ ወልዴ ላይ የፈጸሙት የኢጣሊያንን ትእዛዝ ነው፤ የኸሊፋውን አይደለም። በዚያው ጦርነት ደግሞ ኦጋዴን ላይ ዑመር ሰመተር የሚባል ሙስሊም ሶማሌ ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፎ ጣሊያንን ወግቷል።

ከንግግሩ በኋላ ሁለት ጥያቄ ተነሣልኝ። አንድ ወጣት «አቡነ ጴጥሮስስ? እሳቸውም እኮ ጦርነትን ባርከዋል። ከካርዲናሉ በምን ተለዩ?» አለ። ጎበዝ ጥያቄ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲረሸኑ ሕዝቡም ምድሪቱም ለፋሺስት እንዳይገዙ ገዝተዋል። ግዝት ከባድ ነው፤ መሬትን ጭምር በእግዚአብሔር ፊት ያስራል። ግን ግዝቱ አትገዙ ነው የሚለው። ሂዱና ሚላኖን ያዙ አይልም። የተናገሩትም ጠመንጃ ተደግኖባቸው ነው። ካርዲናሉ ከካቴድራሉ ወጥተው ወደ ግብራቸው ሄደዋል። ቢሆንም ልጁ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ከአቡኑ በኋላ ጫካ የገባው አርበኛም ሰው ገድሏል። እሱንም ባስልዮስ ሦስት ዓመት ቁም ይለዋል።

ለነገሩ ሹስተርም እዚያው አልቆሙም። በ1938 እ.ኤ.አ. የፋሺስቶቹን የዘር ሕግ በስብከት አወገዙ። በ1996 ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ብፁዕ ብለው ሰየሟቸው። ማለትም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሰውዬው ሰማይ ቤት ናቸው ትላለች። ይህን ስሰማ እንደ በላኤ ሰብእ ሥዕል ነው የሆነብኝ። አልከራከርም። የላጋ ወልዴ ሰዎች ግን ተጠይቀው ነበር? እላለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከኋላ ወንበር መጣ። «ይሄ ሁሉ ለዛሬ ምን ያደርግልናል?» የሚል ነው። የሰሜኑ ጦርነት ካበቃ ገና ብዙ አልራቀም፤ ሌላውም አላባራም። በየሰፈራችሁ የተመለሰ ልጅ አለ። ለሞቱት ድንኳን ተጥሏል፣ ተለቅሷል፣ ሰደቃ ወጥቷል። በሕይወት የተመለሰው ግን «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ተባለና በዚያው ቀረ። ሌሊት እየጮኸ እንደሚነሣ እናቱ ታውቃለች። ምን እንዳደረገ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቄሶች አላችሁ፤ ኡስታዞችና ፓስተሮችም አላችሁ። እንዲህ ያለ ልጅ በራችሁን ቢያንኳኳና «ሰው ገድያለሁ» ቢላችሁ፣ ጀግና ነህ ብላችሁ ትሸኙታላችሁ ወይስ ቁጭ በል ትሉታላችሁ? የቀረውን ሰዓት ለእናንተ ልስጥ፤ መልሳችሁን መስማት እፈልጋለሁ።